ቶማስ ሃርዲና ኤማ፦ ስለ ገጣሚውና ስለተረሳችው ሚስቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃርዲ ለሟች ሚስቱ ለኤማ የጻፋቸውን የሐዘን ግጥሞች ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ይወዳት ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ባንድ ቃል አይመለስም። ሴትየዋ በሕይወት ሳለች ለዓመታት አንድ ጣሪያ ሥር ተኳርፈው ነው የኖሩት። ሰዎች በየጊዜው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሃርዲ ማን ነው?

እንግሊዛዊ ደራሲና ገጣሚ ነው። በ1840 ዶርሴት በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። እናቱ ደግሞ ከማግባታቸው በፊት ሰው ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። እሱ ራሱ የተማረው አርክቴክትነት ነው። ብዙ ሰው በልቦለዶቹ ያውቀዋል። እሱ ግን ራሱን የሚቆጥረው ገጣሚ አድርጎ ነበር። ዕድሜው ወደ 60 ሲጠጋ ልቦለዱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ግጥም ዞረ።

ሚስቱስ?

ኤማ ላቪኒያ ጊፈርድ ትባላለች። ፕሊመዝ በምትባለው የወደብ ከተማ፣ እሷም በ1840፣ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ ነበሩ። ዘመዶቿ ውስጥ ትልቅ ማዕረግ ያለው ቄስ ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዲረሳባት አትፈልግም። ፈረስ ትጋልባለች፣ ትስላለች፣ ፒያኖ ትመታለች፣ ትጽፋለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ከሁሉ በላይ የተረሳው። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

እንዴት ተገናኙ?

ማርች 7፣ 1870፣ ሰኞ ቀን። ሃርዲ ኮርንዎል ውስጥ ሴንት ጁሊየት የሚባል አጥቢያ ሄዶ ሊፈርስ የደረሰ ቤተ ክርስቲያን እንዲለካ አሠሪው ላከው። ሳይነጋ ከቤት ወጣ። ባቡር ቀያየረ። የቀረውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በጋሪ ሄዶ አመሻሽ ላይ የቄሱን ቤት በር አንኳኳ።

ቄሱ ሪህ ይዟቸው ተኝተዋል። ሚስታቸው እሳቸውን እያስታመሙ ነው። እንግዳ የሚቀበል ሰው ጠፋ። የቀረችው የሚስትየው እህት ነበረች፤ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች የ29 ዓመት ሴት። ኤማ። እሱም 29 ዓመቱ ነበር።

ያን ምሽት ያየችውን ኤማ ራሷ ከዓመታት በኋላ ጽፋዋለች። ጺማም ሰውዬ ነው። ካፖርቱ ነትቧል። ከኪሱ ሰማያዊ ወረቀት ብቅ ብሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ንድፍ መሰላት። ለካ ግጥም ነው! እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ሊለካ የመጣ ሰው ግጥም ሸጉጦ መምጣቱ ሳይሆን፣ እሷ ወረቀቱን ልብ ማለቷ ነው ደስ የሚለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ቢኒ ወደሚባለው የባሕር ገደል አብረው ሄዱ። እሷ በፈረሷ፣ እሱ በእግሩ። ኦገስት ላይ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ፏፏቴ አጠገብ ምግብ ይዘው ወጥተው የሚጠጡበት ብርጭቆ ውሃው ውስጥ አምልጧቸው ድንጋይ መሃል ገባ። ኤማ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ፣ ክንዷን ውሃው ውስጥ ከትታ ስትፈልግ ሃርዲ በእርሳስ ሳላት። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። ብርጭቆው አልተገኘም።

በሥራው ረድታዋለች የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ማንም አይክደውም። ክርክሩ «ምን ያህል?» የሚለው ላይ ነው። ገና ሲጽፍ ማንም ሳያውቀው በ1871 የወጣውን የመጀመሪያ ልቦለዱን በእጇ ገልብጣ አዘጋጅታለታለች። «አርክቴክትነቱን ልተው ወይስ ልያዘው?» ብሎ ሲያመነታ «ድርሰቱን ያዝ» ያለችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ቋሚ ገቢ የሌለውን እጮኛ እንዲህ ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ሌላ ሴት ብትሆን «መጀመሪያ ደመወዝህን አሳየኝ» ትለው ነበር።

ከተጋቡ በኋላም በ1880 ማብቂያ ታሞ ወራት አልጋ ላይ ሲውል፣ በየወሩ መጽሔት ላይ የሚወጣ ልቦለድ ጀምሮ ነበር። እሱ ተኝቶ ይናገራል፣ እሷ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ልቦለዱ እንዲህ አለቀ። አስታማሚም ጸሐፊም ነበረች።

ኋላ ላይ ኤማ ለሰው ሁሉ «ልቦለዶቹ ላይ የኔ እጅ አለበት» ማለት አበዛች። ሰው ሳቀባት። እንዳለችው ግማሹን ጽፋለች ብዬ አላምንም። ግን የተገለበጡት ገጾች የእጇ ጽሑፍ ናቸው። «ምንም አላደረገችም» ያሉት ከእሷ ይልቅ አጋነዋል።

መቼ ተጋቡ? ቤተሰብስ ምን አለ?

ሴፕቴምበር 17፣ 1874፣ ለንደን ውስጥ። ያጋቧቸው አጎቷ ናቸው፤ ማዕረገኛው ቄስ። ከሃርዲ ወገን ማንም አልተገኘም። የግንበኛ ልጅ የጠበቃ ልጅ ሲያገባ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቷ ሃርዲን ከቤታቸው በታች አድርገው ነው ያዩት። የሃርዲ እናትም ምራታቸውን አልወደዷትም። ኤማም አማቷንና የባሏን እህቶች ከላይ ወደ ታች ነበር የምታያቸው። የባልና የሚስት ወገን እንዲህ ሲናናቅ ምን እንደሚመጣ ለሀገሬ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ታዲያ መቼ ተበላሸ?

ባንድ ቀን አይደለም። ሃርዲ ራሱ የደስታችን ጊዜ የሚለው ስተርሚንስተር ኒውተን የሚባል ትንሽ ከተማ ወንዝ ዳር ተከራይተው የኖሩባቸውን ዓመታት ነው፤ ከ1876 እስከ 1878። ልጅ አልወለዱም። ይህ ሁለቱንም ሲያሳዝናቸው ኖሯል።

በ1885 ዶርቸስተር ከተማ ዳር ማክስ ጌት ወደሚባለው ቤት ገቡ። ንድፉን ያወጣው ሃርዲ ነው። የሠራው ወንድሙ። ቤቱ ለእናቱና ለእህቶቹ ቅርብ፣ ለኤማ ዘመዶች ሩቅ ነው። ሃርዲ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሺህ የዛፍ ችግኝ ተከለ፤ ነፋስ እንዲከላከልለት፣ የመንገደኛ ዓይንም እንዳያየው። ችግኞቹ አደጉ። ቤቱ ጨለመ። እኔ ስለዚህ ትዳር ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣልኝ ይህ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ዛፍ ነው የተተከለው።

ከዚያ ሃይማኖት ገባበት። ኤማ አማኝ ነበረች፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ባሰባት። ሃርዲ እምነቱን ትቷል። በ1895 «ጁድ ዘ ኦብስኪውር» የተባለው ልቦለዱ ወጣ። መጽሐፉ ጋብቻን እንደ እስር ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንንም እንደ ጨካኝ ያሳያል። ሀገር ተንጫጫ። አንድ ጳጳስ መጽሐፉን እሳት ውስጥ ጣልኩት ብለው በጋዜጣ ጻፉ። ኤማ በሁለት ወገን ቆሰለች። እምነቷ ተነካ። በዚያ ላይ ትንሽ ከተማ ውስጥ የምትኖር ሚስት ናት፤ ጋብቻ እስር ቤት ነው የሚል ባል ያላት። ሰው ምን ብሎ እንደሚያያት አስቡት።

ሦስተኛው ግጥሙ ነው። በ1898 የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን አሳተመ። ውስጡ ስለ ሌሎች ሴቶች የተጻፉ ግጥሞች ነበሩበት። አንደኛው ደግሞ ዛፍ ላይ ተጠምጥማ ዛፉን ስለምትገድል ሐረግ ነው፤ ርዕሱም ሐረጊቱን «ሚስት» ይላታል። ኤማ «ይህቺ እኔ ነኝ» አለች። አልተሳሳተች ይሆናል።

እውነት ጣሪያ ሥር ትኖር ነበር?

አዎ። በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ መኝታ ለዩ። እሷ ጣሪያው ሥር የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ክፍሎችን ያዘች። በጠባብ ደረጃ ነው የሚወጣው። እዚያ ታነባለች፣ ትስላለች፣ ትሰፋለች፣ ትጽፋለች። ማታ ለራት ትወርዳለች።

አባሯት ነው የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። ክፍሎቹን የመረጠችው እሷ ናት። በ1899 ገና ላገባች አንዲት የደራሲ ሚስት በጻፈችው ደብዳቤ፣ ነገር ሲከር ለየብቻ መሆን ብልህነት እንደሆነ ትመክራለች። ምስጋናም፣ ፍቅርም፣ ፍትሕም አትጠብቂ ትላታለች። ለአዲስ ሙሽራ የተላከ የምርቃት ደብዳቤ መሆኑ ነው እንግዲህ።

አእምሮዋ ተነክቶ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ወሬ ያበዙት ከሞተች በኋላ የጻፉ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከሃርዲ ወዳጆች ወይም ከሁለተኛ ሚስቱ የሰሙትን ነው የሚደግሙት። ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት የገባችበት ጊዜ የለም። ያልተለመደች ሴት ነበረች፣ እሱ እውነት ነው። በ50ዎቹ ዕድሜዋ ብስክሌት ተማረች። ብስክሌቷ አረንጓዴ ነበረች፣ «ፌንጣ» ብላ ስም አወጣችላት፣ ከእሷ ጋር የሚሄድ አረንጓዴ ከፋይ ልብስ ለብሳ ከተማውን ትዞር ነበር። ድመቶቿን ማዕድ ላይ ታስቀምጣለች። የምትናገረው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘላል። ዕድሜዋ ከ60 ካለፈ በኋላ ለሴቶች የመምረጥ መብት ለንደን ድረስ ሄዳ ሰልፍ ወጥታለች።

ወንድ ገጣሚ ይህን ሁሉ ቢያደርግ «የጥበብ ሰው ጠባይ ነው» ይባልለት ነበር። ለእሷ «ነክቷታል» ተባለ።

ይህን ስል መልአክ ነበረች ማለቴ አይደለም። ምላሷ ስለታም ነበር። በ1896 ለሃርዲ እህት የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም ሲነበብ ይለበልባል። «እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ» የሚለው ነገሯ ሃርዲን እንግዳ ፊት አንገቱን አስደፍቶታል። ደግሞ የሚያውቀውን ነው የምትነካበት፤ ግንበኛ አባቱንና ገረድ የነበሩ እናቱን።

ሌላ ሴት ነበረች?

ልቡ ብዙ ጊዜ ይሸፍታል። በ1893 ፍሎረንስ ሄኒከር የምትባል ባለትዳር ደራሲ ወደደ። እሷ ወዳጅነት እንጂ ሌላ አልሰጠችውም። ከ1905 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ፍሎረንስ መጣች፤ ፍሎረንስ ደግዴል። አስተማሪ ነበረች፣ ለልጆች ትጽፋለች። ከሃርዲ በ38 ዓመት ታንሳለች።

የሚገርመው ፍሎረንስ በ1910 ማክስ ጌት የገባችው የኤማም ወዳጅ ሆና ነው። የኤማን ጽሑፎች በታይፕ ትመታላት ነበር። ኤማ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደጠረጠረች እንጃ። በዚያው ዓመት በገና በዓል ባልና ሚስቱ ፍሎረንስ ፊት ተጣሉ። ነገሩ ሃርዲ ፍሎረንስን እህቶቹ ዘንድ ይዟት ይሂድ አይሂድ የሚል ነበር። ፍሎረንስ ከዚያ በኋላ ገናን እዚያ ቤት ላላሳልፍ ማልኩ ብላለች። ኋላ ላይ ብዙ ገናዎችን እዚያው አሳልፋለች።

ለምን አልተፋቱም?

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ባል ሚስቱን ለመፍታት መሴሰኗን ማስረዳት ነበረበት። ሚስት ስትሆን ያም አይበቃም፤ በዚያ ላይ ጭካኔ ወይም ጥሎ መጥፋት የመሰለ ሌላ በደል መጨመር አለባት። ለሴትና ለወንድ እኩል የሆነው በ1923 ነው። በነሱ ትዳር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ነገር የለም። ያለው ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል? ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሀገርም አይደለም።

የሜዳሊያው ታሪክ ምንድን ነው?

ጁን 2፣ 1912። ሃርዲ 72 ዓመት የሞላበት ቀን። የእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሊሰጠው ሁለት ገጣሚዎች ቤቱ ድረስ ላከ፤ ሄንሪ ኒውቦልትንና አየርላንዳዊውን ዬትስን። ታሪኩን የጻፈልን ኒውቦልት ነው።

ማዕዱ ላይ አራቱ ብቻ ናቸው። ኤማ ዬትስን ይዛ ስለ ድመቶቿ ታወራዋለች። ሁለት ያማሩ ድመቶች በሳህኗ ግራና ቀኝ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለዋል። ምግቡ አለቀ። የሽልማቱ ሰዓት ደረሰ። ሃርዲ ድንገት ወደ ሚስቱ ዞሮ ከክፍሉ እንድትወጣ ጠየቃት። እሷ ተከራከረች። እንግዶቹም ግድ የለም ትቆይ ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። ኤማ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ድመቶቿንና የቀሚሷን ጭራ ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ ሃርዲ ሁለት ሰው ብቻ በቀረበት ክፍል የተዘጋጀበትን ንግግር አንብቦ ሜዳሊያውን ተቀበለ። የመጀመሪያ መጽሐፉን የገለበጠችለት ሴት በር ማዶ ናት። ስድስት ወር ሳይሞላት ሞተች።

እንዴት ሞተች?

ኖቬምበር 27፣ 1912፣ ጠዋት። 72ኛ ልደቷ ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ለጥቂት ቀናት አሟት ነበር፤ ማንም ከባድ አልመሰለውም። ጠዋት ልጅ እግር የቤት ሠራተኛዋ ስትገባ ፊቷ ተለውጦ፣ እያቃሰተች አገኘቻት። ባሌን ጥሪልኝ አለች። ልጅቷ ወደ ሃርዲ የሥራ ክፍል ሮጠች። ይህችው ሠራተኛ ካረጀች በኋላ እንደተናገረችው፣ ሃርዲ ቀና ብሎ አይቶ መጀመሪያ ያላት ነገር «ኮሌታሽ ተጣሟል» ነው። ከዚያ በጠባቡ ደረጃ ወጣ። ስሟን እየደጋገመ ጠራት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረፈች። ምክንያቱ የልብ ድካምና የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ።

ስለ ኮሌታው ሲነሳ ሰው ሁሉ ሃርዲን ይረግማል። እኔ ያን ያህል አልፈርድበትም። የሞት ዜና ይዞ የመጣ ሰው ፊት ቆሞ የማይረባ ነገር የተናገረ ሰው አውቃለሁ። አፍ ቀድሞ ያመልጣል፣ ልብ በኋላ ይደርሳል።

አስከሬኗ ስቲንስፈርድ ቤተ ክርስቲያን፣ የሃርዲ ዘመዶች ባረፉበት ግቢ ተቀበረ። እነዚያው የምትንቃቸው ዘመዶች አጠገብ። የአበባው ጉንጉን ላይ የጻፈው «ከብቸኛ ባሏ፣ በድሮው ፍቅር» የሚል ነበር። ያችን «በድሮው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ።

ሁለት ደብተር ትታለች የሚባለው?

ለኔ የዚህ ትዳር ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሃርዲ የሚስቱን ዕቃ ሊለይ ጣሪያ ሥር ወጣ። ጽሑፎቿን አገኘ። አንደኛው ለዓመታት ስለ እሱ የጻፈችው ነው። ርዕሱ «ስለ ባሌ የማስበው» የሚል ነበር ይባላል። ቁጭ ብሎ አነበበው። ከዚያ አቃጠለው። ምን እንደሚል ከእሱ በቀር በደንብ የሚያውቅ አልኖረም።

ሁለተኛው በ1911 መጀመሪያ ላይ ጽፋ የጨረሰችው ትዝታዋ ነው። ልጅነቷ ፕሊመዝ ውስጥ፣ የአባቷ ቤት፣ ባሕሩ፣ ፈረሷ፣ ከዚያም ያ አመሻሽ፣ ቡናማው ቀሚስ፣ ሰማያዊው ወረቀት፣ እስከ ሠርጋቸው ቀን ያለው ለስላሳ ፀሐይ ድረስ። እዚያ ላይ ያቆማል። ስለ ትዳሩ አንዲት ክፉ ቃል የለበትም፤ ትዳሩ ራሱ የለበትም።

ይህን አላቃጠለም። ብድግ አድርጎ መጻፍ ጀመረ።

ታዋቂዎቹ ግጥሞች የትኞቹ ናቸው?

«የ1912–13 ግጥሞች» ይባላሉ። በ1914 ሲታተሙ 18 ነበሩ፣ በኋላ 21 ሆኑ። ከመግቢያቸው በላይ ከሮማዊው ገጣሚ ከቨርጂል የተወሰደች ሐረግ አለች፤ የአሮጌው ነበልባል አሻራ እንደ ማለት ነው። ብዙ ተቺዎች በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የሐዘን ግጥሞች ሁሉ ከፊት ያሰልፏቸዋል።

ሃርዲ በማርች 1913 ወንድሙን ይዞ ኮርንዎል ሄደ። ልክ ከተገናኙ 43 ዓመት ሲሆን ማለት ነው። ገደሉን፣ ሸለቆውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አንድ በአንድ ዞረ። የጠረጴዛውን ካላንደር ማርች 7 ላይ አቁሞት እንደዚያው ኖረ።

ከግጥሞቹ አንዱ እንዲህ ይጀምራል፦ «እጅግ የናፈቅሁሽ ሴት፣ ትጠሪኛለሽ፣ ትጠሪኛለሽ»። ድምፅ ይሰማዋል። እንደ መጀመሪያው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መንገድ ላይ የቆመች ትመስለዋለች። ከዚያ ይጠራጠራል። ነፋስ ብቻ ይሆን? መጨረሻው ላይ የግጥሙ ምት ራሱ ይሰናከላል፤ ሽማግሌ ቅጠል በሚረግፍበት መንገድ ሲደናቀፍ ይሰማችኋል።

ሌላው ስለ አንድ ዳገት ነው። ወጣት ሳሉ ጋሪ የምትጎትተው ፈረስ ስለደከማት ወርደው በእግር ወጡት። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ያን ደቂቃ የመሰለ እዚያ ዳገት ላይ አልሆነም ይላል፤ ድንጋዮቹ ብዙ አላፊ አግዳሚ አይተዋል፣ ለሱ ግን የሚመሰክሩት ሁለቱ ማለፋቸውን ነው።

ብርጭቆውም ተመልሶ መጣ። በአንድ ግጥም ሴትየዋ ናት የምትናገረው። እጇን ውሃ ውስጥ ስትከት ያ ቀን ትዝ ይላታል፤ ብርጭቆው ዛሬም ድንጋዩ መሃል አለ።

እንግሊዝኛው «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም። ወደ አማርኛ ሳመጣው ግን ወዲያው «አንቺ» ይሆናል፤ ሙሾ ይሆናል። የኛ አልቃሽም የሞተውን እንዲሁ ፊት ለፊት ነው የምታናግረው። «ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ» የሚለው የሃርዲ ወቀሳ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ደግሞ በዚያው ግጥም «ለምን አልተነጋገርንም?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አንድ ደረጃ ነበር የሚለያያቸው።

ጸጸቱ እውነት ነው ወይስ ለግጥም ብሎ?

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጸጸቱም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ውሸት ሐዘን እንደዚያ አይሰናከልም።

ግን ግጥሞቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። የሚያለቅሰው ለየትኛዋ ኤማ ነው? ፈረስ ላይ ላለችው የ29 ዓመት ሴት ነው። ብስክሌት ለምትነዳው፣ ለተሰለፈችው፣ ድመቶቿን ሰብስባ ለወጣችው አይደለም። አንዱ ግጥም ላይ ይህን በግልጽ ይናገረዋል፤ የምትጠራው ከተለወጠችው በፊት የነበረችው ናት።

ያችን የ29 ዓመት ሴት ደግሞ ከየት አገኛት? ከደብተሩ። የሰማያዊ ወረቀቱን ነገር ጽፋ ያቆየችው እሷ ናት። በ1917 ያሳተመው፣ ብዙዎች ከምርጦቹ አንዱ የሚሉት የነፋስና የዝናብ ግጥም፣ ልጆች ሲዘምሩ፣ ቤተሰብ ግቢ ሲያጸዳ፣ ከቤት ቤት ሲለውጥ የሚያሳየው፣ ከኤማ የፕሊመዝ ትዝታ ነው የተቀዳው። በሕይወቷ «በሥራው እጄ አለበት» ስትል ሳቁባት። ከሞተች በኋላ እውነት ሆነ።

ኤማ ራሷ ያሳተመችው ነገር አለ?

አለ። በ1911 ትንሽ የግጥም መድበል፣ በ1912 ደግሞ ሃይማኖታዊ ጽሑፍ በራሷ ወጪ አሳትማለች። ግጥሞቹ ደካማ ናቸው፤ ማስመሰል አያስፈልግም። ትዝታዋ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓይኗ ያያል። ዓረፍተ ነገሩ አንዳንዴ ይዝረከረካል፣ የምታሳየው ነገር ግን ሕያው ነው። ለብቻው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1961 ነው፤ ከሞተች 49 ዓመት በኋላ።

ሁለተኛዋ ሚስትስ?

ፌብሩዋሪ 1914 ፍሎረንስን አገባት። እሱ 73፣ እሷ 35። ዓመቱ ሳያልቅ ለኤማ ያለቀሰበት መጽሐፍ ታተመ። ፍሎረንስ ለወዳጇ ስትጽፍ፣ ባሌ እንዲህ ያለ የሐዘን መጽሐፍ ካሳተመ እኔ ምንም አልረባሁም ማለት ነው ብላለች። በ1916 ሴንት ጁሊየት ይዟት ሄደ። ለምን? ለኤማ ራሱ ነድፎ ያስቀረጸው የመታሰቢያ ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በትክክል መሰቀሉን ለማየት። የተረሱት ሚስቶች ሁለት ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከረውም።

ልቡ ለብቻ ተቀበረ የሚባለውስ?

እውነት ነው። በጃንዋሪ 1928 ሲሞት ወዳጆቹ ለንደን ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ይቀበር አሉ። እሱ ስቲንስፈርድ ነበር የፈለገው። በመጨረሻ ልቡ ወጥቶ ኤማ መቃብር ውስጥ ገባ፤ የቀረው ተቃጥሎ አመዱ ለንደን ተቀበረ። ልቡን ድመት በላችው የሚል ወሬም አለ። ወሬ ነው። ግን የኤማን ድመቶች ላስታወሰ ሰው ለምን እንደተወራ ይገባዋል። ፍሎረንስም በ1937 እዚያው ተቀበረች።

ቤቱን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። የሃርዲ እህት በ1940 ስትሞት ማክስ ጌትን ለእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር አውርሳለች፤ ለጎብኚ ክፍት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትባቸውን ወራት ጠይቁ። ግጥሞቹን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የእሷን ትዝታ አንብቡ፤ አጭር ናት፣ ባንድ ከሰዓት ታልቃለች። ቤቱ ስትደርሱ የሥራ ክፍሉ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ የጠረጴዛው ዕቃ ዛሬ ያለው ዶርቸስተር ሙዚየም ነው። ወደ ላይ የሚያወጣውን ጠባብ ደረጃ ፈልጉ።